እንግሊዝኛ የሚጽፍ ምሩቅ ለምን ጠፋ?

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው ደብረ ብርሃንን አልፎ፣ ጣሊያን የሠራውን የጣርማበር ዋሻ ጨርሶ ቁልቁል ሲወርድ ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ሳይገዛ አያልፍም። እኔ ግን እዚያች ከተማ የምወርደው ለቆሎ ብቻ አይደለም። ጋሼ የምለው አጎቴ እዚያ እህል ይነግዳል፤ አንድ ወፍጮም አለው። በ2010 ዓ.ም. ክረምት፣ የኢኮኖሚክስ ሦስተኛ ዓመት ልገባ ስል፣ ለወፍጮው በአንድ አስመጪ በኩል ከውጭ ያዘዘው መለዋወጫ ልኩ ተሳስቶ መጣበት። አስመጪው «ላኪው ይተካልህ ዘንድ በእንግሊዝኛ የአቤቱታ ደብዳቤ ጽፈህ አምጣ» አለው። ጋሼም ዩኒቨርሲቲ የሚማር ልጅ ቤቱ አለና ምን ያስጨንቀዋል?

አንድ ሌሊት ሙሉ ጽፌ አደርኩ። ደብዳቤው ሄደ፤ ከአሥር ቀን በኋላ መልስ መጣ። ላኪው በጨዋነት አመስግኖ፣ «ይቅርታዎን ተቀብለናል፣ ጉዳዩ ተዘግቷል» የሚል ነበር። ለካ እኔ ደብዳቤዬን የከፈትኩት በይቅርታ፣ የዘጋሁትም በይቅርታ ኖሯል። መሐል ላይ ምን እንደምንፈልግ፣ ይቀየርልን ይሁን ገንዘቡ ይመለስልን፣ አንድም ቦታ አልጻፍኩም። ጋሼ መለዋወጫውን ከኪሱ ድጋሚ ገዛ። እስከ ዛሬ ድረስ ሰው ፊት «ይኼ ልጅ እንግሊዝኛው ኃይለኛ ነው» ይላል፤ ሲስቅ ግን አየዋለሁ።

ይህን የማነሳው የዚህ ገጽ አንባቢ «የእንግሊዝኛ ትምህርት እኔን ምን አገባኝ?» እንዳይል ነው። ከውጭ ጋር የሚነግድ ሰው ገንዘቡ ያለው ወረቀቱ ላይ ነው። ባንኮች በኤል.ሲ. የሚሠሩበት ዩ.ሲ.ፒ. 600 የተባለው ዓለም አቀፍ ደንብ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለ ሲሆን፣ ባንክ የሚመረምረው ሰነዱን እንጂ ዕቃውን አለመሆኑን በግልጽ ያስቀምጣል። በኢንቮይሱ ላይ ያለው የዕቃ መግለጫ በኤል.ሲው ላይ ካለው ጋር መስማማት ይኖርበታል፤ ባንኩም ለምርመራው ቢበዛ አምስት የባንክ የሥራ ቀን አለው። አንድ ቃል ከቦታው ሲወጣ ሰነዱ ጉድለት አለበት ተብሎ ይመለሳል፤ ክፍያው ይዘገያል። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ በኋላ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ መድረሱ ይታወሳል። እንዲህ ባለ ጊዜ የአሥር ቀን መዘግየት ስንት እንደሚያስከፍል ለአስመጪ አይነገረውም። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የተወካዮች ምክር ቤት የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅደውን አዋጅ አጽድቋል፤ በጥር 2017 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ የሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ተከፍቷል። ከእነዚህ ሁሉ ጋር የሚመጣው ወረቀት በብዛት እንግሊዝኛ ነው። ጸሐፊው ግን ከየት ይምጣ?

ያልተለካ ነገር አይመረትም

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ማስተማሪያ እንግሊዝኛ እንዲሆን ደንግጓል። ተማሪው ፊዚክሱንም ታሪኩንም በእንግሊዝኛ ይማራል። ውጤቱን ግን በ2014 ዓ.ም. ፈተና አየነው፤ የ12ኛ ክፍል ፈተና በየዩኒቨርሲቲው ግቢ በጥብቅ ቁጥጥር ሲሰጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ሆነ። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ ደረሰ። እድገት አለ፤ ነገር ግን ከየትኛው ወለል እንደተነሳ አይረሳ።

ከመቶኛው ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ የፈተናው ዓይነት ነው። የ12ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ፈተና ምርጫ ነው፤ ተማሪው ከሀ እስከ መ ያጠቁራል እንጂ አንዲት አንቀጽ አይጽፍም። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. የተጀመረውና በመጀመሪያው ዙር ከተፈተኑት ወደ 40 በመቶው ብቻ ያለፉት የመውጫ ፈተናም በኮምፒዩተር የሚሰጥ ምርጫ ነው። እንግዲህ አንድ ወጣት ከልጅነቱ እስከ ዲግሪው ድረስ ወሳኝ በሆኑት አገር አቀፍ ፈተናዎች ላይ በእንግሊዝኛ አንድ ዓረፍተ ነገር አቀነባብሮ እንዲጽፍ አይጠየቅም ማለት ነው። ዋጋ ያልተሰጠውን ዕቃ ገበሬም አያመርተውም፤ ተማሪም እንዲሁ።

በአንደኛ ዓመት የጽሕፈት ኮርስ አለ። እኔ በተማርኩበት ጊዜ «ቤዚክ ራይቲንግ ስኪልስ» ይባል ነበር። አንድ ክፍል ውስጥ ስድሳ እንሆናለን። መምህራችን ጎበዝ ሰው ነበር፤ ነገር ግን በጻፍነው ላይ ቀይ ቀለም ያየሁት በሴሚስተሩ ማብቂያ አንድ ጊዜ፣ ያውም ከሃያ አሥራ አራት የሚል ቁጥር ብቻ ነው። የት ጋ እንደተሳሳትኩ አላውቅም፤ እስከ ጋሼ ደብዳቤ ድረስም አላወቅኩም።

መምህሩን አልወቅስም፤ ሒሳቡ አያወላዳም። አንድን የተማሪ ጽሑፍ አንብቦ፣ አርሞ፣ አስተያየት ለመስጠት አሥራ አምስት ደቂቃ ይፈጃል እንበል። ስድሳ ተማሪ አሥራ አምስት ሰዓት ይሆናል። መምህሩ ሦስት ክፍል ካለው አርባ አምስት ሰዓት፣ ለአንድ የቤት ሥራ ብቻ። የሳምንት ደመወዙን በሙሉ ለእርማት ሊያውለው ነው። ስለዚህ ወይ አያርምም፣ ወይ አይሰጥም።

የጋራ ሰነድ ማለት ምንድን ነው?

መፍትሔ ተብሎ በየአገሩ ዩኒቨርሲቲዎች እየተሠራበት ያለው የጋራ ሰነድ በኢንተርኔት ላይ መጻፍ ነው። ነገሩ አዲስ አይደለም። ዋርድ ካኒንግሃም የተባለ አሜሪካዊ ባለሙያ ማንም አንባቢ ሊያርመው የሚችል «ዊኪ» የተባለ ገጽ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው፤ ቃሉ በሃዋይ ቋንቋ ፈጣን ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 «ራይትሊ» የተባለ በድረ ገጽ ላይ የሚጻፍበት ፕሮግራም ወጣ፤ በዓመቱ ጉግል ገዝቶት ዛሬ ጉግል ዶክስ የምንለው ሆነ። የማይክሮሶፍቱ ወርድም ዛሬ እንዲሁ ይሠራል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መምህሩ አንድ ባዶ ሰነድ ይከፍትና ማያያዣውን ለአምስት ተማሪዎች በቴሌግራም ይልካል። ለእያንዳንዱ ሰው የሚፈቀደው ደረጃ አለ፤ አንዱ ማየት ብቻ፣ ሌላው አስተያየት መስጠት፣ ሦስተኛው መጻፍና መሰረዝ ይችላል። አምስቱም በአንድ ጊዜ ከገቡ እያንዳንዱ የት ላይ እየጻፈ እንደሆነ በየቀለሙ ይታያል። አንደኛው ደብረ ብርሃን ዶርም ውስጥ፣ ሌላው ለእረፍት ደብረ ሲና ቤተሰቡ ጋ ቢሆን ለውጥ የለውም።

ለጽሕፈት ትምህርት የሚጠቅሙት ሁለት ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው «የማሻሻያ ሐሳብ» የሚባለው አሠራር ነው። አንድ ተማሪ የጓደኛውን ዓረፍተ ነገር ሲያርም የቀድሞው አይጠፋም፤ ተሰርዞ ይቆያል፣ አዲሱ ጎኑ ይጻፋል። ባለቤቱ ይቀበላል ወይም ይመልሳል። ዋጋ እንደ መደራደር ነው፤ አንዱ ይጠራል፣ ሌላው ይመልሳል፣ ሁለቱም ለምን እንደዚያ እንዳሉ ማስረዳት አለባቸው። ሰዋስው የሚገባውም በዚህ ክርክር ውስጥ ነው።

ሁለተኛው የሰነዱ ታሪክ ነው። ማን፣ በስንት ሰዓት፣ የትኛውን ቃል እንደጻፈና እንደሰረዘ ሁሉ ተመዝግቦ ይቀመጣል። ነጋዴ የሒሳብ መዝገብ ለምን እንደሚይዝ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

የእኛን ተማሪ የሚጥሉት ስህተቶች የታወቁ ናቸው። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ እንግሊዝኛ ከባለቤቱ ቀጥሎ። አማርኛ «ሄዶ፣ ገዝቶ፣ ጭኖ፣ አራግፎ፣ ተመለሰ» እያለ አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ቀኑን ሙሉ ይነዳል፤ ያንኑ በእንግሊዝኛ «እና፣ እና፣ እና» እያሉ ቢያያይዙት አንባቢው መሐል መንገድ ላይ ይወርዳል። የታወቀውን ነገር እኛ በቃሉ መጨረሻ «ዕቃው» ብለን እንጨርሰዋለን፤ እነሱ ግን ከፊቱ ሌላ ቃል ይፈልጋሉ፣ እኛም እንረሳዋለን። እነዚህን ስህተቶች ጸሐፊው ራሱ አያያቸውም፤ ለእሱ ትክክል ናቸውና። ሌላ ሰው ሲያነብለት ግን ይታያሉ። በአውስትራሊያ የሜልቦርን ዩኒቨርሲቲ መምህርት የሆኑት ኒዮሚ ስቶርች እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት ጥናት እንግሊዝኛን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ የሚማሩ ተማሪዎች ጥንድ ሆነው ሲጽፉ ለብቻ ከጻፉት ያጠረ፣ ነገር ግን ሰዋስዉ የተስተካከለና የተጠየቀውን በተሻለ የሚመልስ ጽሑፍ እንዳወጡ አሳይተዋል። ማጠሩ ራሱ ለንግድ ደብዳቤ በጎ ነው።

የእኔን የአቤቱታ ደብዳቤ እንደ ምሳሌ እንውሰድ። አምስት ተማሪ ቢሰጣቸው አንዱ የትዕዛዙን ቁጥርና ቀን፣ ሁለተኛው የጉድለቱን ዓይነት በልክና በቁጥር፣ ሦስተኛው የምንጠይቀውን ነገርና የጊዜ ገደቡን ይጽፋል። አራተኛው ከላይ እስከ ታች የግሡን ጊዜ ይመረምራል። አምስተኛው የላኪውን ወንበር ይዞ ያነብና «እናንተ ምን ፈለጋችሁ?» ብሎ ጎኑ ላይ ይጽፋል። ያ አንድ ጥያቄ በ2010 ዓ.ም. ጎኔ ቢኖር ኖሮ ጋሼ መለዋወጫ ሁለት ጊዜ አይገዛም ነበር።

የመምህሩንም ሒሳብ እንደገና እንሥራ። ስድሳ ተማሪ በአምስት ሲከፈል አሥራ ሁለት ሰነድ ነው፤ በአሥራ አምስት ደቂቃ ሦስት ሰዓት። የእያንዳንዱን ተማሪ ድርሻ ከሰነዱ ታሪክ ላይ ለማየት ሁለት ሁለት ደቂቃ ቢጨምር ሌላ ሁለት ሰዓት። አሥራ አምስት ሰዓት የነበረው አምስት ሰዓት ይሆናል። በሚቀረው ጊዜ በሴሚስተር አንድ የነበረው የጽሕፈት ሥራ ሦስት ሊሆን ይችላል። ወጪ ሳይጨምር ምርት በሦስት እጥፍ ማለት ነው፤ እንዲህ ዓይነት ፋብሪካ የሚሸጥ ካለ ይህ ገጽ አድራሻውን ያወጣል።

አንድ ለአምስት እና ነፃ ተሳፋሪው

እዚህ ላይ ዩኒቨርሲቲ ያለፈ አንባቢ ሁሉ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። የቡድን ሥራ ለእኛ አዲስ አይደለም፤ «አንድ ለአምስት» የተባለውን አደረጃጀት ያላየ ተማሪ የለም። ውጤቱ የተሻለው ተማሪ መሪ ይሆናል፤ እሱ ወይም እሷ ሌሊቱን ሙሉ ይሠራሉ፤ የቀሩት አራት ስማቸውንና የመታወቂያ ቁጥራቸውን ሽፋኑ ላይ ያጽፋሉ። ውጤቱ ለአምስቱም እኩል ይሰጣል። እኔም ሁለቱንም ሆኜ አውቃለሁ፤ ጽፌም አውቃለሁ፣ ስሜን አስጽፌም አውቃለሁ።

በኢኮኖሚክስ ይህ የነፃ ተሳፋሪ ችግር ይባላል። ማንከር ኦልሰን የተባለው አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው መጽሐፍ በሰፊው ያስረዳው ነው፤ ጥቅሙ የጋራ፣ ድካሙ የግል በሆነበት ቦታ አስተዋይ ሰው መድከሙን ለሌላው ይተዋል፤ በተለይ ማን እንደደከመ የማይታይ ከሆነ። መድኃኒቱ ድካሙ እንዲታይ ማድረግ ነው። የሰነዱ ታሪክ የሚሠራውም ይህንኑ ነው። መምህሩ ሲከፍተው አንደኛው ተማሪ በሦስት ቀን ውስጥ ሰባት ጊዜ ገብቶ እንደጻፈ፣ ሌላው በማስረከቢያው ቀን ገብቶ አንድ ነጠላ ሰረዝ ጨምሮ እንደወጣ ቁልጭ ብሎ ይታየዋል። ነጥቡን እንደየድርሻው ይሰጣል። ከተማሪዎቹ ጋር መጣላት አያስፈልገውም፤ መዝገቡ ይናገራል።

በግቢ በር ላይ ያለውን ገበያም የሚነካው ይኸው ነው። ግልጽ እንነጋገር ከተባለ በከተሞቻችን የመመረቂያ ጽሑፍ ይሸጣል። ማስታወቂያው በኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ ሳይቀር «የማማከር አገልግሎት» ተብሎ ይለጠፋል፤ ደላላውም፣ ጸሐፊውም፣ ገዢውም አሉ። ሕገ ወጥ ቢሆንም ፍላጎትና አቅርቦት ያለው ገበያ ነው። ፍላጎቱን የፈጠረው ተማሪው ለአራት ዓመት ሳይጽፍ ቆይቶ በመጨረሻው ሴሚስተር ሰማንያ ገጽ መጠየቁ ነው። ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ቻት ጂ.ፒ.ቲ. የተባለው ፕሮግራምና መሰሎቹ መጥተው የጽሑፍ ሻጮቹን ራሳቸውን ገበያ ማጣበባቸው አይቀርም። ተሠርቶ ያለቀ ወረቀት ብቻ የሚቀበል መምህር ማን እንደጻፈው የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ሲጻፍ የሚያይ ግን ያውቃል፤ ሰው ይጽፋል፣ ይሰርዛል፣ ይመለሳል፣ ይቆማል። የተገለበጠ ጽሑፍ አንድ ገጽ ሙሉ በአንድ ሰከንድ ዱብ ይላል። እርግጥ ከሌላ ቦታ እያየ በእጁ የሚገለብጥ ብልጥ አይጠፋም። ግን ቢያንስ እሱ ተየበው፤ ከዚያ ጥቂት ቃል እንኳ አይቀርለትም?

ፕላዝማን ያየ

በ1990ዎቹ መጨረሻ መንግሥት ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተዘጋጁ ትምህርቶችን በሳተላይት ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ማሠራጨት ሲጀምር «ፕላዝማ መጣ» ተባለ። ትልቅ ገንዘብ ወጣ። በእንግሊዝኛ በፍጥነት የሚናገር ሰው በስክሪኑ ላይ ይወጣል፤ ጥያቄ ይጠይቅና ራሱ ይመልሳል፤ የክፍሉ መምህር ጥግ ላይ ቆሞ ያያል። መብራት ሲጠፋ ትምህርቱም ይጠፋል። ስለዚህ «ቴክኖሎጂ ትምህርትን ያሻሽላል» ሲባል ሰው ቢጠራጠር አይፈረድበትም።

ልዩነቱ ፕላዝማ አንድ አቅጣጫ ብቻ የነበረው መሆኑ ነው፤ ተማሪው ተቀባይ ነበር። በጋራ ሰነድ ላይ ግን ተማሪው ካልጻፈ ገጹ ባዶ ነው። ሌላው ልዩነት የካፒታል ነው። ፕላዝማ ስክሪን፣ ሳህንና ጄኔሬተር ይጠይቅ ነበር። እዚህ ዕቃው ግማሽ በግማሽ ተማሪው ኪስ ውስጥ አለ። በመስከረም 2015 ዓ.ም. ሳፋሪኮም ከኢትዮ ቴሌኮም ጎን ሥራ ጀምሮ ገበያው ሁለት ተወዳዳሪ አግኝቷል። የጽሑፍ ሰነድ ከቪዲዮ ጋር ሲነጻጸር የሚበላው ዳታ ኢምንት ነው፤ ቲክቶክ የሚከፍት ተማሪ ዳታ የለኝም ቢል መምህሩ ባያምነው አልፈርድበትም። ይሁንና አምስት መቶ ቃል በአውራ ጣት በትንሽ ስልክ መጻፍ ቅጣት መሆኑን የሞከረ ያውቀዋል። ግቢ ውስጥ ያለው የኮምፒዩተር ክፍል ማታም ክፍት መሆን አለበት፤ ይህ ደግሞ የገንዘብ ሳይሆን የቁልፍ ጉዳይ ነው።

ፕሮግራሙስ? ለግለሰብ ነፃ ነው። ጉግል ለትምህርት ተቋማት የሚሰጠው መሠረታዊ አገልግሎትም ነፃ ቢሆንም፣ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ለአንድ ተቋም 100 ቴራባይት የማስቀመጫ ጣሪያ ተደርጎበታል። ሃያ ሺህ ተማሪ ላለው ዩኒቨርሲቲ ለአንድ ሰው አምስት ጊጋባይት ገደማ ይደርሳል። ለጽሑፍ ከበቂ በላይ ነው፤ ነገር ግን ነፃ የተባለ ዕቃ ባለቤቱ በፈለገ ጊዜ ውሉን እንደሚለውጠው ነጋዴ አይስተውም።

መስመሩ ሲቋረጥ

ትልቁ ኪሳራ ግን ከሌላ ወገን ይመጣል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ዩኒቨርሲቲዎች ሲዘጉና ተማሪው ወደየቤቱ ሲበተን ኢንተርኔት ብቸኛው ክፍል ሆኖ ነበር። በዚያው ዓመት ሰኔ ማብቂያ ላይ ኢንተርኔቱ ራሱ በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ተዘጋ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ቆይቷል። የደብረ ሲና ነጋዴ በቴሌብር መቀበልና መላክ ሲቸግረው እንዴት እንደነበር እሱ ይናገር። የጽሕፈት ኮርሱን በሙሉ ውጭ አገር ባለ ሰርቨር ላይ የመሠረተ መምህርም በእነዚያ ወራት ሴሚስተሩ ባዶ በሆነበት ነበር።

ለዚህ ብዙ ሰው የማያውቀው መውጫ አለ። «ኢተርፓድ» የተባለ የጋራ መጻፊያ እ.ኤ.አ. በ2008 ተሠርቶ፣ በሚቀጥለው ዓመት ጉግል ድርጅቱን ሲገዛው የፕሮግራሙ ኮድ ለሕዝብ ተለቋል። ማንም ያለ ክፍያ አንድ ኮምፒዩተር ላይ ጭኖ በግቢው የውስጥ መስመር ሊያሠራው ይችላል፤ ኢንተርኔት ኖረም አልኖረ። ማን ምን እንደጻፈ በቀለም ይለያል፤ ታሪኩንም ከመጀመሪያው ፊደል ጀምሮ እንደ ፊልም መልሶ ያሳያል። «ሙድል» የተባለው የትምህርት ማስተዳደሪያም እንዲሁ ነፃ ነው፤ በውስጡ የዊኪ ገጽ አለው። በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ወይም ሌላው ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ መጠነኛ ሰርቨር፣ የመብራት መጠባበቂያና የሚንከባከበው አንድ ባለሙያ ነው። ድክመቱ ተማሪው ለእረፍት ደብረ ሲና ሲሄድ ሰነዱ ግቢ ውስጥ መቅረቱ ነው። እኔ ብጠየቅ ሁለቱንም እይዛለሁ፤ መስመር ሲኖር የውጩን፣ ሲጠፋ የግቢውን። ዶላሩንም ብሩንም አንድ ባንክ ውስጥ የሚያስቀምጥ ነጋዴ አለ እንዴ?

የተማሪው ዓይነ አፋርነትም ቀላል አይደለም። የተሰበረ እንግሊዝኛውን አራት ጓደኞቹ እያዩት መጻፍ የሚያሳፍረው ብዙ ነው፤ በተለይ ከገጠር የመጣውና ዝም ብሎ መስማት የለመደው። መምህሩ መጀመሪያ ላይ ራሱ በተማሪዎቹ ፊት ጽፎ፣ ተሳስቶ፣ አርሞ ካላሳያቸው ጎበዙ ይጽፋል፣ ሌላው ያያል። ከዚያማ አንድ ለአምስት ወደ ኢንተርኔት ገባ እንጂ ምን ተቀየረ?

አሠሪው ምን ያድርግ?

አስመጪና ላኪ ድርጅቶች፣ የትራንዚት ቢሮዎች፣ ባንኮች ሠራተኛ ሲቀጥሩ የዲግሪውን ነጥብ ያያሉ፤ ከዚያ አጭር ፈተና ይሰጣሉ፣ እሱም ብዙውን ጊዜ ምርጫ ነው። ገበያው ራሱ የጽሕፈት ችሎታን ካልጠየቀ ዩኒቨርሲቲው ለምን ያመርታል? ከአሠሪው ጀምሮ ሰንሰለቱን ወደ ኋላ መሳብ ይቻላል።

በጣም ርካሹ መንገድ ይህ ነው። የመጨረሻ ዙር የደረሱ አምስት አመልካቾች ይጠሩ። አምስት ኮምፒዩተር ላይ አንድ የጋራ ሰነድ ይከፈትላቸው። ከፋይላችሁ ውስጥ እውነተኛ ጉዳይ፣ ስሙ ተለውጦ፣ ይሰጣቸው፤ ለምሳሌ መርከብ ላይ የረጠበ ስድሳ ኩንታል ቡና፣ ወይም ልኩ የተሳሳተ መለዋወጫ። አርባ ደቂቃ ይሰጣቸውና የአቤቱታ ደብዳቤውን አብረው ይጻፉ። ሲጨርሱ ደብዳቤውን ሳይሆን ታሪኩን ክፈቱ። ማን መጀመሪያ እንደጻፈ፣ ማን የሌላውን ስህተት ሳያዋርድ እንዳረመ፣ ማን ደግሞ «ላኪውን የምንጠይቀው በትክክል ምንድን ነው?» ብሎ እንደጠየቀ ታያላችሁ።

ጋሼ በቅርቡ ለወፍጮው ሌላ መለዋወጫ አዟል። ደብዳቤው ቢያስፈልግ በሚል ሰነዱን ከአሁኑ ከፍቼ ማያያዣውን ለእሱም፣ ደብረ ብርሃን ለምትማረው ልጁም ልኬያለሁ። እስካሁን የጻፈችው እሷ ብቻ ናት፤ የመጀመሪያው መስመር ላይ የነበረችውን የእኔን «ይቅርታ» ሰርዛ።